የእንግዶችን ዓሣ ስላመላለሰው አምቡላንስ

ለክቡር ሐጂ ሙዛሒም
የነኽላዊያ ስፖርት ክለብ ፕሬዚዳንት

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም እርስዎ ሳይፈቅዱ ማስነጠስ ለማይደፍሩት የቦርድ አባላት የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ሸናን ጉዛይ፣ ጥላ በሌለው መቀመጫ ላይ ሆኜ ለክለባችን ከበሮ የምመታው ሰው ነኝ። ከባግዳድና ከባስራ ትልልቅ ቡድኖች ጋር የምንጫወትበትን ቀን ስንጠብቅ ሁለተኛው ሊግ ውስጥ ያረጀን ደጋፊዎች ነንና፣ ምስጋናችንን በአደባባይ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነትዎ እናመሰግናለን። ያን ዓርብ የጋበዟቸው ሹማምንት የቀዘቀዘ ዓሣ እንዳይበሉ ተጨንቀው፣ ለጨዋታው የቆመውን አምቡላንስ ወንዝ ዳር ካለው ዓሣ ጠባሽ ዘንድ ላኩት። እሱ በሄደበት፣ ጠዋት ዳቦ ጋግሮ ከሰዓት ግባችንን የሚጠብቅልን ዓቂል በአጥቂው እግር ሥር ተወረወረ፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ እኔ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ወደ ክብር እንግዶች ድንኳን ስሮጥ ጠባቂዎ ደረቴን ገፍቶ፣ «አንተ ባለከበሮ፣ ተመለስ! ሐጂ እንግዳ ይዘዋል፤ አምቡላንሱም አሁን ይመጣል፣ ዓሣው እየተጠበሰ ነው» አለኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፎቶግራፍዎ እናመሰግናለን። ቃሬዛው ከአምቡላንሱ ጋር ስለሄደ፣ ሜዳው ዳር የቆመውን የእርስዎ ምስል ያለበትን ሰሌዳ ነቅለን ዓቂልን አስተኛንበት፤ በሐብሐብ ነጋዴ ፒክአፕም ጫንነው። መንገዱን ያውቁታል፤ ባለፈው ምርጫ አስፋልት አደርገዋለሁ ያሉት ነው። በየጉድጓዱ እግሩ ሲንገጫገጭ ዓቂል የጃኬቴን እጅጌ ነክሶ ያዘ። ሐኪሙ ሲያየው፣ «እንዲህ ያንገላታችሁት ምን በደላችሁ?» ብሎ ጮኸብን። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ሦስተኛ፣ በቴሌቪዥን ቀርበው «ጉዳቱ የደረሰው በተጫዋቹ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ስላሉን ደግሞ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ፤ እኛ በዓሣው ምክንያት መስሎን ነበር። ሰሌዳውን እንዲያመጣ የላኩትን ሰው የዓቂል ሚስት ሩዋይዳ፣ «ጓሮ አለልህ ወንድሜ፣ ውሰደው። ደሙን ግን አላጠብኩትም፤ ሐጂ ራሳቸው ይጠቡት» ማለቷን ምናልባት አልነገረዎት ይሆናል። ባዶ እጁን ነው የተመለሰው።

ቁጥሩን ልተወው፤ ንዴት አያስቆጥርም። በቀጣዩ ጨዋታ አምቡላንሱ አሁንም አልነበረም። ልጆቻችን ወደ ሜዳ ገብተው መሃል ላይ ተቀመጡ። ዳኛው «ተነሱ፣ በፎርፌ ትሸነፋላችሁ» ሲላቸው አምበሉ ነዒም፣ «እንሸነፍ። ሌላ እግር ግን አንሰጥም» አለ። ወደ ላይኛው ሊግ የማለፍ ተስፋችን እዚያው ሣሩ ላይ ቀረ። እኔም በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያን ቀን ከበሮ መትቼ አላውቅም፤ ተሸንፈን ከተማው ሙሉ እያለቀሰ ጨፈረ። እርስዎ ነዒምን አባረሩ፣ እኔንም ስታዲየም እንዳልገባ አገዱ። አምቡላንሱ ግን ከዚያ ወዲህ ከማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሳይሰበሰብ በራስዎ ፈቃድ እንዲለቁ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እምቢ ካሉም መልካም ነው፤ ዓቂል ለፕሬዚዳንትነት ተመዝግቧልና፣ ፊት ለፊቱ ቆመው ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ቢያስረዱት ሁላችንም ለመስማት እንጓጓለን።

ለክቡርነትዎ የሚገባዎትን ያህል አክብሮት፣ ከዚያም አንዲት ሳልጨምር፣
ሸናን ጉዛይ
ከስታዲየሙ አጥር ውጭ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ለዓቂል አነበብኩለት። «ስድቡን ቀንስለት፣ እሱም ልጆች አሉት» አለኝ። እሺ ብዬ ቀንሻለሁ፤ ያነበቡት የተቀነሰውን ነው።