አማቴ ዓምድ እንጂ ሐውልት አይደሉም

ቀን፦ መጋቢት 12

ለከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የቤታችንን ጣሪያ የተሸከሙት አማቴ እንዳይፈርሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በሙያዬ ልብስ ሰፊ፣ በትዳሬ የአንዲት ሴት ባል፣ በዕጣዬ ደግሞ የእናቷ አማች ነኝ። የጽሕፈት ቤታችሁ ተቆጣጣሪ በአዲሱ ቤታችን ሳሎን ውስጥ «ያለ ፈቃድ የተገነባ የሰው ሐውልት» አግኝቻለሁ ብለው እንዲፈርስ አዘዋል፤ እስኪፈርስም ድረስ ቤቱ ውስጥ እንዳንገባ ከልክለውናል። ነገሩ ሐውልት አለመሆኑን፣ ቢፈርስም ብቻውን እንደማይፈርስ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1. አሮጌው ቤታችን ስለተሰነጣጠቀ አፍርሰን በዘመኑ ዘዴ ለመሥራት ተስማማን። ዘዴው እንዲህ ነው፦ አርክቴክቷ የነበረውን ቤት በሌዘር መሣሪያ ትለካለች፤ ኮምፒውተሩ ልኩን ወደ ሞዴል ይለውጣል፤ ከዚያ ባለ ረጅም ክንድ ማሽን ኮንክሪቱን እንደ ጥርስ ሳሙና እየጨመቀ፣ አንዱን መስመር በሌላው ላይ እየደረበ ግድግዳውን ያትመዋል። አማቴ «ሳሎኔ እንደነበረ ካልሆነ እግሬን አላስገባም» ስላሉ ሳሎኑ ቅንጣት ሳይለወጥ እንዲታተም ታዘዘ። ትእዛዙ ከሚገባው በላይ ተፈጽሟል።

2. በልኬቱ ዕለት አርክቴክቷ «እማማ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን» አለቻቸው። አማቴም «በገዛ ቤቴ ወዴት ነው የምዞረው?» ብለው አኮረፉ። ክቡርነትዎ አማቴ ሲያኮርፉ አላዩም። ወንበራቸውን ከግድግዳው ያስጠጋሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያጣምራሉ፣ አገጫቸውን ወደ በሩ ያቀናሉ፤ ከዚያ በኋላ ትንፋሻቸውም አይታይም። መሣሪያው ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ሰርዞ የማይንቀሳቀሰውን ብቻ የቤቱ አካል ነው ብሎ የሚይዝ ነው። ልጆቹን ሰረዘ። ድመቷን ሰረዘ። ወዲያ ወዲህ ስል የነበርኩትን እኔንም ሰረዘኝ፤ በገዛ ቤቴ ሞዴል ውስጥ የለሁም። ባለቤቴን ይህ አልገረማትም። አማቴን ግን ኮምፒውተሩ አስቦ አስቦ ግድግዳ ናቸው ብሎ ወሰነ። አልፈርድበትም፤ እኔም ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ እንዲሁ ነበር የማስበው።

3. አርክቴክቷ በስክሪኑ ላይ ያየችውን እብጠት የአሮጌው ግድግዳ ድጋፍ መሰላት። ጥንካሬ የሚያሰላው ፕሮግራምም ድጋፉን እጅግ ወደደው፤ ወደደውና ከአናቱ ምሰሶ አስነሥቶ ጣሪያውን የሚሸከመውን ዋና ወራጅ አሳረፈበት።

4. በኅትመቱ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ቆሞ ያይ ነበር። መጀመሪያ ከወለሉ ጫማ የሚመስል ነገር ወጣ። የማሽኑ ኦፕሬተር «የግድግዳው ጌጥ ነው» አለን። ጉልበትና ጭን ሲመጣ «መደርደሪያ ይሆናል» አለን። ትከሻ ሲመጣ የራሱን ትከሻ ዳሰሰ። አቁም ብንለው «ኮንክሪቱ ቱቦው ውስጥ ይደርቅብኛል፣ ልጨርሳቸው» ብሎ ቀጠለ። የሻሹ ቋጠሮ ብቅ ሲል ባለቤቴ «እማዬ!» ብላ ጮኸች። አማቴም ከኋላችን «አቤት» አሉ።

5. አማቴ ዞረው ዞረው ካዩት በኋላ «አፍንጫዬ እንዲህ አይደለም» አሉ። ሌላ ቅሬታ አላቀረቡም። የጠራነው መሐንዲስ ጣሪያው በእርሳቸው ላይ ማረፉንና ከተነሱ እንደሚወርድ በማኅተም ሲያረጋግጥማ ፊታቸው በራ። «ይህን ቤት የተሸከምኩት እኔ ነኝ ስል ማን ሰማኝ? ይኸው፣ የተማረ ሰው መሰከረ!»

6. እውነቱን ለመናገር ቀድሜ መዶሻ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። አንድ አማት ለአንድ ሳሎን ይበቃል ብዬ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ሳይከለክሉን በፊት ቤቱን ልናይ በሄድን ቁጥር ትንሿ ልጄ የኮንክሪቱ ጭን ላይ ወጥታ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ሥጋ ለባሿ አያቷ ሲያኮርፉ ማንንም አያስጠጉም ነበር፤ ይህን ካዩ ወዲህ ግን ቅናት ገብቷቸው የራሳቸውን ጭን ከፍተዋል። በትዳር ዘመኔ እኔ በልመና ያላገኘሁትን ሰላም አንድ የኮምፒውተር ስሕተት አስገኘልኝ። ታዲያ በምን አንጀቴ ላፍርሰው?

7. በዚህ መሀል የምናድረው በስፌት ቤቴ ነው፦ ልጆቹ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል፣ እኔና ባለቤቴ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ አማቴ ከጠረጴዛው በላይ። ደንበኛ ሱሪ ሊለካ ሲገባ ከላይ ሆነው «ወገቡን አስፋለት፣ ይኼ ገና ይወፍራል» ይላሉ። ደንበኞቼ እየሳሱ ነው።

ስለዚህ «ሐውልት» የሚለው ቃል ከመዝገቡ እንዲሰረዝ፣ አማቴም «ሳልሞት ሐውልት ያቆመልኝ ማን ነው?» ብለው ስላዘኑ በምትኩ «ዓምድ» ተብለው እንዲመዘገቡ፣ ወደ ቤታችንም እንድንገባ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እለምናለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ይፍረስ በሚለው ከጸና ደግሞ ውሳኔውን ለእርሳቸው በቃል የሚነግራቸው ክቡርነትዎ ራስዎ እንዲሆኑ እጠይቃለሁ። እኔ አልችልም።

ለዚህም አመቺ እንዲሆን አማቴን ከማመልከቻው ጋር አያይዣለሁ። አሁን በመጠበቂያ ክፍላችሁ፣ ከግድግዳው የተጠጋው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የጥበቃ ሠራተኛው «እናቴ፣ ትንሽ ዞር ይበሉ» ስላላቸው መልስ ሳያገኙ እንደማይነሱ አስታውቀዋል።

በራችሁ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ እንዳነበብኩት ሕንፃችሁ ለእድሳት በዚያው ዓይነት መሣሪያ ሊለካ የተቀጠረው ለነገ ጠዋት ነው። መሣሪያው የማይንቀሳቀሰውን ሁሉ እንዴት እንደሚቆጥረው በተራ ቁጥር 2 ገልጫለሁ። አምና በሌላ ጉዳይ ያስገባሁት ማመልከቻም እስከ ዛሬ ሳይነካ እዚያው ጠረጴዛችሁ ላይ ስላለ፣ ከእርሳቸው ጎን አብሮ እንደሚታተም አልጠራጠርም።

እስከዚያው ከማይነቃነቅ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ልብስ ሰፊው፣ የዓምዱ አማች

አባሪ፦ የመሐንዲሱ ማረጋገጫ፤ አማቴ (በአካል)