በአንተ የእጅ ጽሑፍ

ውድ አራሚዬ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከአዳራሹ ስትወጣ አይቼሃለሁ። አላየሁትም ብዬ ራሴን ላሞኝ ሞክሬ ነበር። ግን መጨረሻ ረድፍ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚቀመጥ ካንተ ሌላ ማን አለ? ተናግሬ ስጨርስ አጨበጨብክልኝና ወጣህ። ከዚያ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። አንተ የማተሚያ ቤቱ አራሚ፣ እኔ ከመንገዱ ማዶ የውኃ ቢሮ መዝገብ ቤት ጸሐፊ። በምሳ ሰዓት ከወረቀት መጋዘኑ ጀርባ በድብቅ ለምንበትነው ወረቀት የጻፍኩትን ረቂቅ እሰጥሃለሁ፤ አንተ በእጅህ ትገለብጠዋለህ፤ የእኔን እዚያው እናቃጥለዋለን። ያንተን ግልባጭ ለምታባዛልን ሴት ታደርሳለህ። "ሐሳቡ የአንዱ፣ እጁ የሌላው ከሆነ ማን ይይዘናል?" አልኩህ። የተራቀቅኩ መስሎኝ ነበር። አንተ ሳቅህና "ቀለሜ፣ ሰው የሚያዘው በእጁ ነው እንጂ በሐሳቡ መቼ ሆነና" አልከኝ። እንደዚያም ብለህ ገለበጥክ።

ስትገለብጥ ደግሞ ዝም አትልም። "ጩኸቱን ቀንሰው እንጂ" እያልክ ቅጽሎቼን ትሰርዛለህ። ሰባተኛውን ወረቀት "ዝም ያልነው ስለፈራን ነው" ብዬ ዘግቼው ነበር። "ይቺማ ማመካኛ ናት" አልክና ከሥሯ ጨመርክባት፦ "የፈራነውም ዝም ስላልን ነው።" ከተማው በቃሉ የያዘው ያንተዋን ነው።

ግልባጩ በፍተሻ ከኪስህ ሲገኝ "ማነው የጻፈው?" አሉህ። "የእጅ ጽሑፌን እያያችሁ ትጠይቁኛላችሁ?" አልክ አሉ። ስድስት ዓመት ፈረዱብህ። እኔ በማግስቱ በሰዓቴ ሥራ ገብቼ ማኅተም ስመታ ዋልኩ። ሰው እንዳይጠረጥረኝ ነው አልኩ። ዓመት ሲሞላው ፍርሃቴን ጥንቃቄ ብዬ መጥራት ለመድኩ።

ይህን ደግሞ ከእኔ ስማው። እናትህን እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አንድ እሑድ "አንተስ ተባረክ ልጄ፣ እንደሱ ብዕር አላሳበደህም፤ አርፈህ እንጀራህን ትበላለህ" አለችኝና ሳህኔን ደግማ ሞላችልኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ። እውነቱን ሳትሰማ አረፈች። አንተ ከተፈታህ በኋላም አንድ ቀን እንኳ አላነሳህብኝም። ዝምታህን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት፤ ይመቸኝ ነበራ።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ የጠራችን አሳታሚ የድሮ ወረቀቶቻችንን በመጽሐፍ ልታወጣ መሆኗን ነግራን "ጸሐፊው ታስሮ የነበረ አንድ አራሚ ነው ይባላል" ስትል ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። "እሱ የገለበጠው ብቻ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። እውነት ነበር። እውነት ተናግሬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሲያስሩበት የሸሸሁትን ሲያጨበጭቡለት የእኔ ነው አልኩ። አንዲት ወጣት ተነስታ "ያቺን ሁሉ በቃሉ የያዛትን ዓረፍተ ነገር እንዴት አገኟት?" ብላ ስትጠይቀኝ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አንድ ጠዋት ስነቃ መጣችልኝ" አልኳት። ያኔ ነው ያጨበጨብከው።

ትናንት አሳታሚዋ ቢሮ ሄጄ ነበር። ለመጽሐፉ መግቢያ የሚሆን አንድ ገጽ ሰጠኋት፤ ማን እንደጻፈ፣ ማን እንደታሰረ፣ ማን አርፎ እንደተቀመጠ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገርም የማን እንደሆነች። እናትህ ቤት የበላሁትንም ጽፌዋለሁ። ለሷ ሳልሰጥ ላንተ ብጽፍ ኖሮ በመሐል እንደማፈገፍግ ራሴን አውቀዋለሁ። "በኮምፒውተር ጽፈን እናስፈርምዎት" አለችኝ። እንዳለ፣ በእጅ ጽሑፌ፣ ከነስርዝ ድልዙ እንዲታተም ለመንኳት። እሺ ብላኛለች።

አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር አድርጌልሃለሁ። ቀይ እስክሪብቶህን አንሳና ጩኸት ካለው ቀንስልኝ። እኔን ለማዳን ብለህ ግን አንዲት መስመር እንዳትሰርዝ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ለእኔ ብለህ የተሸከምከው ይበቃሃል። እንዳትገለብጠው ብቻ አደራ።

በገዛ እጁ የጻፈልህ፣
ቀለሜ