በራችንን ሌሊት የሚከፍተው ማነው?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኢርሻድ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ። ከአሰላ እስከ ጅዳ ባለው መንገድ ልክ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህን ሻል አለህ? ሙቀቱስ ለቀቅ አደረገ? ምሳ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ በሻይ ብቻ ትውላለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ጎኔ ቁጭ ብላ ስለምትሰማ ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱን ወደዚያ ለምትመጣው ለፈይሩዛ የሰጠኋት።

ሰፈራችን ሌባ በዛ ስልህ የላክሃቸውን ሁለት ካሜራዎች፣ ዲሽ የሚሠራው ሙንተሲር ነሐሴ ላይ ገጠመልን፤ አንዱን ግቢው በር ላይ፣ አንዱን ከቤቱ በር በላይ። እፎይ ብዬ የምተኛ መስሎኝ ነበር። በተገጠመ በሳምንቱ ጠዋት ስነሳ የሳሎኑ በር መቀርቀሪያ ተከፍቶ አገኘሁት። ረስቼው ይሆናል አልኩ። በማግስቱም ተከፍቷል። በሦስተኛው ማታ ልጄን ኢፍቱን ምስክር አድርጌ ቀረቀርኩት፤ ሲነጋ ያው ነው። ቀልቤ ተገፈፈ።

የሌሊቱን ቪዲዮ ስከፍት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ ነገር ካሜራው ሥር ይቆማል። ፊት የለው፣ እጅ የለው፣ ነጭ ብቻ! ሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ይጠፋል። ወላሂ ጂን ነው ብዬ ነበር። እማዬ ሳሎን በሩ አጠገብ ስለምትተኛ ይበልጥ የፈራሁት ለእሷ ነው። የሰማችው ነገር እንዳለ ብጠይቃት ምንም አልሰማሁም ብላ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ሰው መጠርጠር ጀመርኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ከዲሮ የእህል መጋዘን ስለሚጠብቁ ሌሊት ነጭ ጋቢ ለብሰው ይወጣሉ ይገባሉ። እሳቸው ናቸው አልኩ። ሰላምታ ነፈግኳቸው። የውሃ ፈረቃችን ሲደርስ በአጥር አሾልኬ የማቀብላቸውን ጎማ እንኳ ከለከልኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሙንተሲርን ጠርቼ ይኼ ካሜራ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። አየና ሳቀብኝ። መጀመሪያ የሸረሪት ድር ጠረገ፤ ሸረሪት ለካ የካሜራ ሙቀት ትወዳለች። ቀጥሎ ለዒድ ኖራ ያስቀባሁት ግድግዳ የካሜራውን የጨለማ መብራት መልሶ እየረጨ ምስሉን እንደሚያነጣው አስረዳኝ። ነጭ የለበሰ ሰው አፍንጫው ሥር ከቆመማ ጭራሽ መልኩ አይለይም አለ። ካሜራውን ከግድግዳው አርቆ ምሰሶው ላይ ሰቀለው፣ መብራቱን ቀነሰው፣ በረንዳው ላይም አምፖል ሲበራ እንዲያድር አዘዘኝ። እንዲህ ከሆነ ሌሊቱ በቀለም ይታያል አለ።

ያን ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልኬ ላይ አፈጠጥኩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ ተከፈተ፤ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ። እማዬ ናት። የጁምዓ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፣ ካሜራውን ፈልጋ አገኘችው፣ ፊቱ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከአንተ ጋር ነበር የምታወራው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲገጠም ኢርሻድ በዚህ ያየናል አልኳት። አንተ ደግሞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከሥራ ስወጣ ቤታችሁን አያለሁ ብለሃታል። ልጄ ደክሞ ወጥቶ ባዶ በር አያይም ብላ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው ደጅ ወጥተው ነው የሚቀበሉት፤ የእሷን ደንብ ታውቀዋለህ።

ጋሽ ከዲሮን አፉ በሉኝ አልኳቸው፤ ስቀው ተዉኝ። ፍርሃቴ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም። የኅዳርን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ደረቷ ተይዞ መርፌ ተወጋች። ቆልፌ ቁልፉን ብደብቅ፣ ልጄ እየጠበቀኝ ነው እያለች በሩ ሥር ቁጭ ብላ አደረች፤ አንጀቴ አልችል ብሎ መለስኩላት። የበረንዳው ካሜራ ወደ ምሰሶው ከራቀባት ወዲህ ደግሞ የግቢውን ለምዳለች። ያኛው የሚያየው ወደ መንገድ ነው። ባለፈው ሐሙስ የግቢውን በር ልትከፍት እጇ መቀርቀሪያው ላይ ሳለ ደረስኩባት። ስልኬ ላይ ከውጭ ጅብ በሩን ታክኮ ሲያልፍ ይታያል። እጇን ይዤ ወደ ቤት መለስኳት።

ሙንተሲር ካሜራውን ማን ማን እንደሚከፍተው ስልኬ ላይ አይቶ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ስልክ ከቀየርክ ወዲህ ካሜራውን አንድም ቀን አልከፈትከውም። አልቆጣህም፤ ሥራ አለብህ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት አየኝ ወይ ትለኛለች፣ እኔም አዎ እላታለሁ። ይኼ ውሸት ከጅቡ ባላነሰ ያስፈራኛል። ስለ አላህ ብለህ ደውልላት። ሰዓቴ ተቀይሯል፣ አሁን የማይሽ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፣ ሌሊት እንዳትወጪ በላት። አላምን ብላ ምን ለብሼ ነበር ካለችህ፣ ሐሙስ ሌሊት በረንዳውን ስታልፍ ከነጠላዋ ሥር አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ የኢፍቱን ቢጫ ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነበር። እንዳትሳሳት፤ አረንጓዴ ነው።

ኢፍቱ አጎቴን ሳሙልኝ ብላለች። ጋሽ ከዲሮ በዱዓ እንደማይረሱህ ንገሪው ብለዋል። ሙንተሲርም ሰላም ብሎሃል። እማዬን ምን ብዬ ልጻፍልሽ ብላት ሰላምታ አልላከችም። እኔንማ በየሌሊቱ ያየኝ የለ፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል አለች።

እህትህ ነቢላ
አሰላ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.