ቀጭን ጥይት ለደጋ አጋዘን

ሰኞ፣ ሮቤ

አልመጣም ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ ደወለ።

ደረጀ ነው፤ ከጎባ በላይ ደኑ ውስጥ ያለውን የአደን ካምፕ የሚመራው። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ጎረምሳ ነበር፣ ዛሬ ፀጉሩን ሽበት ጀምሮታል። "ጋሼ፣ አንዲት እንግዳ አስጨንቃኛለች" ይላል። ሴትዮዋ ስልሳ አልፏታል። ፈቃዷ ለአንድ ወንድ የደጋ አጋዘን ነው። ትከሻዋ ቀዶ ጥገና ስለተደረገለት የትልቁን ጠመንጃ ምት አትችለውም። ይዛ የመጣችው ጥይቱ ስድስት ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍር ትንሽ ጠመንጃ ነው። "ይበቃል አይበቃም፣ እርስዎ አይተው ይንገሩኝ" አለኝ።

ስድስት ሚሊሜትር! ለሚዳቋ ደህና ነው። ወንዱ የደጋ አጋዘን ግን ወይፈን ያህላል፤ የትከሻው አጥንት ከእጄ አንጓ ይወፍራል።

ለምን እንደምፈራ ደረጀ አያውቅም። እዚህ ልጻፈው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት አንድ እንግዳ እንዲህ ያለ ትንሽ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ይበቃል አልኩት። ተኮሰ፣ መታም። አጋዘኑ ተንገዳግዶ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጫካ ገባ። እኔና ዱካ አንሺያችን ኦቦ ቃዲር ሦስት ቀን ደሙን ተከተልን። በሁለተኛው ቀን ዝናብ ጣለና አጠበው። በሦስተኛው ቀን ኦቦ ቃዲር ተስፋ ቆርጠው ቆሙ። "የፈቀድከው አንተ ነህ" አሉኝና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አብረን ጫካ ገብተን አናውቅም። ገበያ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታ ያለፈ የለም።

እኔም ብዙ አልቆየሁም፣ ተውኩት። አሁን ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ ሚስማርና ማጠፊያ እሸጣለሁ። ሱቄን አንድ ሳምንት ብዘጋው የሚሞት ሰው የለም።

መሄዴ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ካምፕ

ጎባ ላይ ሥጋ ቤት ገብቼ አራት የበሬ የትከሻ አጥንት ጠየቅሁ። ባለሥጋው "ለውሻ ነው?" አለኝ። ለጥይት ነው ስለው ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት። ከአናጢው ደግሞ ሦስት ኬሻ ሰጋቱራ። ካምፕ ስንደርስ ሰጋቱራውን ውኃ አጠጣነው። እርጥብ ሰጋቱራ ሥጋን ይመስላል፤ ጥይት እንደ ሥጋ ነው የሚይዘው።

ሴትዮዋ ስሟ ሄልጋ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ። በመቶ ሜትር ሦስት ጥይት ተኮሰች፤ ሦስቱንም ቀዳዳ በአንድ የብርጭቆ አፍ መክደን ይቻላል። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም። እንዲህ የሚተኩስ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ።

ከዚያ አጥንቱን ከኬሻው ፊት አቆምን።

መጀመሪያ እርሳስ አፍ ያለውን ጥይት። አጥንቱ ተሰነጠቀ፤ አረሩ ግን እንደ ጨው ተበተነ። ሰጋቱራው ውስጥ አራት ጣት ያህል ገብቶ ቀረ። እንደ ፈራሁት። ያለ አጥንት ስንሞክረው ክንድ ያህል ሄደ።

ሁለተኛው ዓይነት እርሳስ የለበትም፤ ድፍኑ መዳብ ነው። አጥንቱን በስቶ፣ የመጀመሪያውን ኬሻ አልፎ፣ ሁለተኛው ውስጥ ተገኘ። አፉ በአራት ተከፍሎ እንደ አበባ ፈክቷል፤ ከወገቡ በታች ግን ምንም አልሆነም። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ አልነበረም። እኛ የምናውቀው ምንሽር ነው፤ ሲተኮስ ተራራው ሁሉ የሚሰማው፣ ትከሻ የሚያበልዝ። ምንሽር የተኳሹን ስሕተት ይሸፍናል። ይህች ቀጭን አትሸፍንም።

ከመዳቡ የቀራት ሰባት ፍሬ ብቻ ነው።

ፍርዴን ነገርኳት፣ ደረጀ እያስተረጎመ። መዳቡን ብቻ። አጋዘኑ ጎኑን ሲሰጥ ብቻ። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ጎድኑ ላይ፣ ሳንባው ጋ። ከመቶ ሜትር ወዲህ። ከዚህ ሌላ ከሆነ ቃታ አይነካም።

ማስታወሻ ደብተር አውጥታ ጻፈችው። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ደረጀ ፈገግ አለ። "መቼ እንደምተኩስ አውቃለሁ፤ መቼ እንደማልተኩስ የሚነግረኝ ሰው ነው የፈለግኩት ትላለች" አለኝ።

ያም ሆኖ፣ ቢቆስልስ? የደረጀ ዱካ አንሺ ልጆች ጎበዞች ናቸው። ደም ሲጠፋ ግን የተጣጠፈ ሣር የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።

ረቡዕ

ጠዋት ከጎባ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ገብሱ ታጭዷል፤ ኦቦ ቃዲር በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልጓም ይሰፋሉ። ሰባ አልፏቸዋል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ቃዲር?"

"አልሐምዱሊላህ። ተቀመጥ።" የመጣሁበትን አልጠየቁም።

ነገርኳቸው። ከኬሻው ያወጣነውን መዳብ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ወዲያ ወዲህ አገላበጡት፣ በጥፍራቸው ፈተሹት። ከዚያ፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ፦

"አግኝቼዋለሁ እኮ።"

"ምኑን?"

"ያንን አጋዘን። በስምንተኛው ቀን ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ከወንዙ በላይ፣ ኮሶው ሥር ሞቶ አገኘሁት። ጅብ ጀምሮታል። ትከሻውን ከፍቼ አየሁ። ጥይቱ አጥንቱ ላይ ተፈርክሶ ቀርቷል። አንድ ጣት እንኳ አልገባም።"

አሥራ ሰባት ዓመት ያ እንስሳ በሕልሜ እያነከሰ ይመጣል። የት እንደወደቀ ባውቅ ኖሮ።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ታርፍ ነበር" አሉ። "እንድታርፍ አልፈለግኩም። ተናድጄ ነበር። በኋላ ንዴቱ ወጣልኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መዘግየቱ አሳፈረኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሄደ።"

መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ። አልተናደድኩም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ እኔም የደበቅሁት ነገር አለ። ይበቃል ያልኩ ዕለት የጥይቱን ሣጥን አንብቤው ነበር። ለትንንሽ አውሬ የተሠራ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። እንግዳውን ቅር ላለማሰኘት ብዬ ዝም አልኩ። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ስለ ገብሱ ጠየቅኋቸው። ፈሪ።

ስነሣ "ፈረሴን ጫንልኝ" አሉ። "በእግሬ አልችልም፤ በፈረስ ግን እመጣለሁ።"

ሐሙስ

ውርጭ። ሣሩ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ኦቦ ቃዲር ፈረሳቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፤ ሄልጋ፣ ደረጀ፣ እኔና የዱር እንስሳት ጥበቃው ስካውት ከኋላ።

ሁሉም ቦታው ላይ ነው። አህያ የሞተብን ገደል። ኦቦ ቃዲር የሚሰግዱባት ጠፍጣፋ ድንጋይ፤ እሳቸው ሲሰግዱ እኔ ጠመንጃ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን በረዶ ጥሎብን የአስታው ቁጥቋጦ ሥር ተቃቅፈን ያሳለፍንበት ዳገት። አስታው ግን ሳስቷል። ድሮ ሰው ከነፈረሱ የሚሰወርበት ቦታ ዛሬ ወገብ አይደርስም፤ ታች ደግሞ የእርሻው ዳር ወደ ላይ ወጥቷል። ኦቦ ቃዲር በአገጫቸው እያመለከቱ "እዚህ ነበር" ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም። እኔም "እዚህ ነበር" እላለሁ።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ወንድ ወጣ። ብቻውን ነው፤ ቀንዱ ተጠምዝዞ ጫፉ ነጥቷል። ሰባ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ፊት ለፊት ቆሞ ያየናል፤ ደረቱና ትከሻው ብቻ ነው የሚታየው። ሄልጋ ጠመንጃዋን ደግፋ ጠበቀች። ደረጀ በጆሮዬ "ጋሼ፣ ነገ ላይገኝ ይችላል" አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አይሆንም። አንድ ደቂቃ ያህል ቆመ። ከዚያ ዞረና በኋላው በኩል ወደ ጥሻው ገባ።

ሄልጋ ጠመንጃዋን አውርዳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። ደረጀ እስከ ካምፕ አላናገረኝም።

ዓርብ

ያው ሽማግሌ ነው። ኦቦ ቃዲር በዱካው አወቁት፤ የቀኝ የኋላ ኮቴው ተሸርፏል። ከጅብራ ተክሎቹ በታች ጎኑን ሰጥቶ ሲግጥ አገኘነው። ሰማንያ ሜትር። "አሁን" አልኩ። ተኮሰች፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጅራፍ ይመስላል። አጋዘኑ አልወደቀም። አንዴ ዘለለና እየጋለበ አስታው ውስጥ ጠፋ።

ልክ እንደዚያን ጊዜው።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የተመታን አውሬ ወዲያው አለመከተል የእኔ ሕግ ነው፤ በራሴ ሕግ ልሞት ነበር። ከዚያ ኦቦ ቃዲር ከፈረስ ወረዱ። ደግፌ ልያዛቸው ስል እጄን ገፉት። የተመታበት ቦታ ላይ ተንበርክከው አንድ ቅጠል ቆረጡና አሳዩኝ። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ አረፋ አለው።

"ሳንባ" አሉ።

ሰባ እርምጃ ቆጠርኩ። አስታው ሥር በጎኑ ተኝቷል፣ እንደደከመው ሰው። አልተሠቃየም። አረሩ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ሄልጋ አጠገቡ ቁጭ ብላ አንገቱ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ፎቶ እናንሣ ሲሏት ቆዩ አለች። ኦቦ ቃዲር ቢላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ እንደ ድሮው ባርከው ሊያርዱ። ግን ሞቷል። "ጥይቷ ጎበዝ ሆነችብኝ" አሉ፤ "ቢስሚላህ የምልበት ጊዜ እንኳ አልሰጠችኝም። ሥጋው ለእንግዳችን ነው።" ከልቤ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሌሎቹ እንዳያዩኝ ዞር አልኩ።

ስንወርድ እሳቸው በፈረስ፣ እኔ ልጓሙን ይዤ፣ ነገርኳቸው። "ያን ጊዜ ሣጥኑን አንብቤው ነበር" አልኩ። "እንደማይበቃ አውቅ ነበር።"

ፈረሱ ብዙ ሄደ።

"ስታነብ አይቼሃለሁ" አሉ። "እኔም አፍ ነበረኝ፤ ተው አላልኩህም። እንግዳ ነው ብዬ።"

ቅዳሜ፣ ሮቤ

ሱቄን ከፈትኩ። ደንበኛ ማጠፊያ ሲጠይቀኝ መቀርቀሪያ ሰጠሁት።

ደረጀ ደውሎ አመሰገነኝ፤ ሄልጋ ነገ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ወር ሌላ እንግዳ አለ አለኝ፤ ከዚህም የቀጠነ ጠመንጃ የያዘ። አይቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ምን እንደምለው አላውቅም። የአንዲት ጎበዝ ሴት እጅ ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም። ያ ሽማግሌ አጋዘንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትዝ ሲለኝ ያሳዝነኛል። ብዙም የቀሩ አልመሰለኝም።

ከቀትር በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ኦቦ ቃዲር ናቸው፤ በልጃቸው ስልክ።

"ደህና ገባህ?" አሉኝ።

"ደህና ገባሁ። ጉልበትዎስ?"

"ጉልበትማ አብጧል። አየሩ ግን ደህና ነው።"

እዚህም ደህና ነው አልኩ። ከዚያ የምንለው ጠፋን። ከወዲያ ዶሮ ይጮኻል፣ ከወዲህ ባጃጅ። ስልኩን ግን እሳቸውም አልዘጉት፣ እኔም አልዘጋሁት።