ለአንድ ቀን ስለተዋሳችኋት ልጄ

ለተከበሩ አቶ ታዴዎስ፣
የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ ለታደሰው ቢሮዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። እኔ ወንዳፈረው ሳህሉ እባላለሁ፤ ወንዝ ማዶ ሰፈር የምኖር አናጢና የአራተኛ ክፍል ተማሪዋ የማራኪ አባት ነኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ጊዜዎን ባልሻማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ግን ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ምስጋናዬ የከተማችንን ሰባት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አወዳድራችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ስለለጠፋችሁት ውጤት ነው። አስፓልት ዳር ያለው ንጋት ትምህርት ቤት አንደኛ፣ የእኛው ወንዝ ማዶ ሰባተኛ ወጥቷል። እንኳን ደስ አላችሁ እያልኩ የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩. ስለ ዴስኮች። ባለፈው ክረምት የወንዝ ማዶ ወላጆች እንጨት አዋጥተው፣ እኔም ጉልበቴን ሰጥቼ አሥራ ሁለት ዴስክ ሠርተን ነበር። ከሆሳዕና ከተማ ትምህርት ቤቶቻችንን የሚገመግሙ ኢንስፔክተሮች ይመጣሉ በተባለ ዋዜማ የጽሕፈት ቤታችሁ መኪና መጥቶ ለንጋት በውሰት ወሰዳቸው። የደገሰ ሰው ከጎረቤት ወንበር መዋሱ የቆየ ልማዳችን ስለሆነ ቅር አላለንም። ወንበር ተውሶ ሲያበቃ ያዋሰውን ጎረቤት መቀመጫ የለውም ብሎ የሚያማ ሰው ግን እስከ ዘንድሮ አላጋጠመኝም። ሪፖርታችሁ የወንዝ ማዶ ተማሪዎች መሬት ላይ ተቀምጠው መገኘታቸውን በጥንቃቄ መዝግቧል። እውነት ነው፤ መሬት ላይ ነበሩ። ዴስኮቹ እስከ ዛሬ ንጋት ናቸው፤ ከሥራቸው በእርሳስ የጻፍኩት ቁጥር ስላለ ገልብጠው ሊያዩት ይችላሉ።

፪. ስለ መጻሕፍት። እነርሱም በዚያው መኪና ሄደዋል። የማራኪ አስተማሪ መምህርት ሃቢባ ከራሳቸው ደብተር ሰሌዳ ላይ እየገለበጡ በማስተማራቸው፣ የመማሪያ መጽሐፍ አይጠቀሙም ተብለው ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ፍርዳችሁ ለማንም እንደማያዳላ በዚህ ተረድተናል።

፫. ስለ ልጄ። እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህራችን አስጠርተውኝ፣ ከየትምህርት ቤቱ የተመረጡ ጎበዝ አንባቢዎች ለጉብኝቱ ቀን ንጋት ሄደው እንዲቀመጡ መወሰናችሁን ነገሩኝ። ማራኪ በሀዲይሳም በአማርኛም ስታነብ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማታል። እውነቱን ልናገርና፣ እምቢ አላልኩም። እንዲያውም ኮራሁ። ያዋሷት የንጋት ሰማያዊ ሹራብ ስለሰፋት እጅጌውን ያጠፍኩላት እኔው ነኝ። ፊት ወንበር ተቀምጣ ለእንግዶቹ አነበበች፤ አጨበጨቡላት፤ ፎቶ አነሷት። ንጋት በንባብ አንደኛ የወጣው እርሷን ይዞ ነው። ወንዝ ማዶም በንባብ መጨረሻ የወጣው እርሷ በሌለችበት ነው።

ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ይዣት መጣሁ። መነጽሬን ሱቅ ረስቼ ስለነበር አንብቢልኝ አልኳት። ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበች። አምስተኛው ላይ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ የትምህርት ቤቷን ስም በከንፈሯ ብቻ አለችው። ከዝርዝሩ ጎን ደግሞ የራሷ ፎቶ ነበር፤ ከሥሩ የንጋት ተማሪ የሚል ተጽፎበታል። ወደ ቤት ስንመለስ፣ እኔ የትኛዋ ነኝ ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ መልሱን ያውቁት ይሆናል፤ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ ጮክ ብላ አታነብም። በቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ ለሕፃናቱ ቃሉን የምታነበው እርሷ ነበረች። ባለፈው እሁድ ወጥታ ገጹን ገለጠች፤ ጉባኤው ሁሉ ጠበቃት። መጽሐፉን ለጓደኛዋ ለሊዲያ ሰጥታ ተመለሰችና አጠገቤ ተቀመጠች። ልቤ ተሰበረ፤ ይህን ከዚህ አሳምሬ ልጽፍልዎ አልችልም።

፬. ስለ ልምድ ልውውጥ። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣን ትምህርት ቤቶች ከንጋት ልምድ እንድንቀስም የላካችሁት ደብዳቤ ደርሶናል። በዚሁ መሠረት ልጆቻችን በሚቀጥለው ሳምንት ንጋት ሄደው፣ በገዛ ዴስካቸው ተቀምጠው፣ የገዛ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ምን እንደሚመስል ያያሉ። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ማመስገኛ ቃል ያጥረኛል።

ደረጃው ይቀየርልን አልልም፤ ሰባተኛ ሆነንም እንኖራለን። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ቀን ወንዝ ማዶ ድረስ መጥተው፣ ያ የተጨበጨበለት ንባብ የማራኪና የመምህርት ሃቢባ ልፋት እንደሆነ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ይንገሯት። እኔ ነግሬያታለሁ፤ አባቷ ስለሆንኩ ለማጽናናት ያልኩት መስሏታል።

የተቀመጡበት ወንበር የራስዎ እንደሆነ ተስፋ እያደረግሁ፣ በእርሱም ላይ ዘመንዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከዝርዝርዎ የመጨረሻ መስመር ላይ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ወንዳፈረው ሳህሉ
አናጢ፣ የማራኪ አባት

ማስታወሻ፦ ሹራቡን ማራኪ ራሷ አጥባ፣ ያጠፍኩላትን እጅጌ ዘርግታ፣ ትናንት ለቢሮዎ ጸሐፊ አስረክባለች። ዴስኮቹን እናንተም ሲመቻችሁ ትመልሳላችሁ። ልጄን ግን ከነድምፅዋ ነበር ያዋስኳችሁ።