ግራሶ ከተቀባ በኋላ የተጻፈ ቁጥር

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጅሽ ይድረስ። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይኸው በገዛ እጄ እየጻፍኩልሽ ነው! ከማታው ትምህርት አንደኛ ወጥቻለሁ። ስምንት ብቻ መሆናችንን ግን ለጎረቤት አትንገሪ።

ፊደል ሳትቆጥር ቤቴ እንዳትመጣ ያልሽኝ ቀን አኩርፌሽ ነበር። ዛሬ እግርሽን ብስምም አይበቃም። ስሚማ።

ለሆስፒታሉ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ፣ ሃያ ዓመት የያዝኩት፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እያለቀ ነበር። ድሮ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሕመሙን ከማንም በፊት አውቅ ነበር። አሁን የሆስፒታሉ ኢንጂነር ደብተር ሰጠችኝ። እኔ በየጠዋቱ ሙቀቱን ለክቼ እጽፋለሁ፤ እሷ ቁጥሮቹን በመስመር አያይዛ፣ መስመሩ አደጋው ላይ የሚደርስበትን ቀን ታሰላለች። ኩሽኔታ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለቀ እንጂ ድንገት አይሞትም አለችኝ። ይሄኛው ገና አራት ወር አለው ብላ ተረጋጋች።

እኔ ጉደኛው ግን የምለካው ግራሶ ቀብቼ፣ አሳርፌ፣ ሲበርድ ነበር! እንግዳ ሲመጣ የልጅ ፊት እንደማጠብ በይው። ፓምፔ በወረቀት ላይ እንዲያምርልኝ ብዬ።

አንድ ቀን ደብተሬን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኔ የጻፍኩት ሁሉ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ታምሜ በቀረሁበት ቀን ተተኪዬ የጻፈው ሰማንያ አንድ። መለካት አያውቅም ብዬ ስቄበት ነበር፤ ለካ እሱ የለካው ሳያበርድ፣ እየሠራ ሳለ ኖሯል። ካቻቢቴውን አስጠጋሁ፤ ፓምፑ በግራሶው ድምፁ ጭጭ ብሎ ሰላም መሰለኝ። ወረቀቱ ግን አልለቀቀኝም። ስንቱ በሽተኛ፣ ስንቷ ወላድ ያንን ውሃ ይጠብቃል!

ጉራ የለመደ አፍ ጥፋት መናገር አይችልም፤ ጽፌ ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የቁጥር ወለምታም በግራሶ አይታሽም። አንብባ፣ ፓምፑ እየሠራ ሙቀቱን ራሷ ለክታ መስመሯን እንደገና ሠራች፤ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ተጠባባቂውን ፓምፕ አስነስተን የእኔን ፈታነው፤ ኩሽኔታው ተሰነጣጥቋል። ቀየርነው። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ቧንቧ እንኳ አልደረቀችም።

እባረራለሁ ስል፣ ደብተሩን መልሳ ሰጠችኝ። እንደውም አሁን ትእዛዟን ሁሉ እየጻፈች ነው የምትሰጠኝ፤ ንባቤን አክብራ መሆን አለበት። አንቺም ስልኩን ተይውና ጻፊልኝ፤ ደግሞ ሰፋ አድርገሽ።

እጅሽ ይባረክ፣ ዕድሜሽ ይርዘም፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ።

አሁን ፊርማ ያለው
ታናሽ ወንድምሽ