የፕሩይትን አጥር የዘለለው እሳት

ክላማዝ ወንዝ ዳር፣ ኅዳር 3 ቀን

ለወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት አንተን በደህና ያግኝልኝ። ጉልበትህ እንዴት ነው? በስልክ ስጠይቅህ «ምንም አይልም» ትለኛለህ፤ ከወንበር ስትነሳ የምታቃስተው ግን እዚህ ድረስ ይሰማኛል። የኔቫዳ ብርድ ከገባ ያቺን የሱፍ ካልሲ አድርግ፤ ሣጥን ውስጥ እንድታስቀምጣት አይደለም የላክሁልህ። እኛ ደህና ነን። የሳልሞን ዓሣው ዘንድሮ ከአምናው ይሻላል፤ ዳርሊን አጭሳ ያንተን ድርሻ ለይታ አስቀምጣለች። የምንበላው የኦክ ዛፍ ፍሬ ወርዷል፤ ግን ግማሹን ትል በልቶታል። ዛፉ ሥር ያለው ቅጠል ሳይቃጠል ስንት ዓመት ሆነው፣ ትሉ እዚያው ይፈለፈላል እንጂ ምን ያደርጋል።

ወሬዬ ስለዚሁ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ስለ አየሩ አወራሁ፤ ስለዚህ ልጻፈው። የወይዘሮ ኦፓልን ተዳፋት አቃጠልነው። በሕግ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊርማ።

ያ መሬት ሠላሳ አንድ ዓመት ክብሪት አላየም። አንተ በዚያ እሳት ከታሰርክ በኋላ የጎረቤታችን የፕሩይት አባት በዚያ አላበቃም፤ «እሳቱ የተነሣው ከእናንተ መሬት ነው» ብሎ ወይዘሮ ኦፓልንና ባላቸውንም ከሰሰ። የታችኛውን መስክ ሸጠው የተቃጠለበትን የድርቆሽ ጎተራ ካሱት። ከዚያ ወዲህ ማን ደፍሮ ይለኩስ። እናታችን ቅርጫት የምትሠራበት የሄዘል ቁጥቋጦ ካልተቃጠለ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ ጎብጦ፣ ተቆላልፎ፣ ለመጥረጊያም የማይሆን ነገር ሆነ። እሷም እስክትሞት ድረስ ቅርንጫፍ ፍለጋ በሰው መኪና ሁለት ሰዓት ትጓዝ ነበር። ለቀብሯ መጥተህ ወደ ተዳፋቱ ሳታይ መመለስህን አልረሳሁትም።

ያምና በጋ ደግሞ ከወንዙ ማዶ የተነሣው ሰደድ እሳት ለጥቂት ሳተን። ወይዘሮ ኦፓል ከዚያ በኋላ ራሳቸው ጠሩኝና «ስሚ፣ ይሄ ጫካ እኔን በቤቴ ሳይጠብሰኝ አንድ ነገር አድርጊልኝ» አሉኝ። ግን ፈርተዋል። «ባሌን ፍርድ ቤት ሸኝቻለሁ። እኔ በሰማንያ ሁለት ዓመቴ ደረጃውን አልወጣውም» አሉ።

አብረን ኢንሹራንስ ቤት ሄድን። ሰውየው ትሁት ነው፣ ወንበርም ስቦ አስቀመጣቸው። «መብረቅ ካቃጠለው ችግር የለም፤ እርስዎ ፈቅደው ያስለኮሱት እሳት ከወጣና የጎረቤት ንብረት ከነካ ግን እኛ የለንበትም» አላቸው። ወይዘሮ ኦፓል ቦርሳቸውን አንሥተው «እንግዲያውስ መብረቅ የት እንደሚሸጥ ንገረኝ» አሉት። እስከ መኪናው ድረስ ሳቅኩኝ።

መንገዱን ያገኘችው ዳርሊን ናት። የግዛቱ መንግሥት የካሳ ፈንድ አቋቁሟል አለችኝ። ዕቅድህን አቅርበህ ካጸደቁልህ፣ የሚመራውም ሰው በሙያው የሠለጠነ ወይም በገዛ ሕዝቡ ዘንድ እሳት አዋቂ ተብሎ የተመሰከረለት ከሆነ፣ እሳቱ ከመስመር ወጥቶ የጎረቤት ንብረት ቢያጠፋ ፈንዱ ይክሳል። ለመኪና ሦስተኛ ወገን እንደሚገባው ማለት ነው። የሕዝባችን ሽማግሌዎች ለእኔ መሰከሩልኝ። እንደዚያ ብለው ሲጽፉልኝ ያፈርኩትን እፍረት አንተ ብቻ ታውቀዋለህ።

ዳርሊን ኮምፒዩተሩ ላይ ቅጹን ትሞላለች፣ እኔ አጠገቧ የኦክ ፍሬ እፈለፍላለሁ። አንድ ጥያቄ ጋ ደረሰች፦ አመልካቹ ከለኮሰው እሳት ከመስመር ወጥቶ ጉዳት ያደረሰ አለ ወይ? ይላል። እሷ ሳትጠይቀኝ «የለም» ልትል ነበር። ቆይ አልኳት። «አለ በይ» አልኳት። «እማዬ፣ እሱ እኮ የአጎቴ ነው፤ ፍርድ ቤት ያለው መዝገብ የእሱን ስም ነው የሚለው» አለችኝ። «አለ በይ፣ ዓመቱንና ቦታውንም ጻፊ» አልኳት። ጣቶቿን አንሥታ ብዙ አየችኝ። ከዚያ «ያ እሳት በየትኛው ወር ነበር?» አለች። ጥቅምት ነበር አልኳት። እሷ የተወለደችው በዚያው ዓመት የካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ጻፈችው። ተነሥታ ወደ ወንዙ ወረደችና ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

እንዳልናገር አስምለኸኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ግን እሳት ልመራ ነው ብዬ በሐሰት መጀመር አልቻልኩም።

በቃ፣ አይሰጡኝም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ሳለ በሰባተኛው ሳምንት ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ሴት ደወለች። «እስካሁን ያየኋቸው ቅጾች ሁሉ ለዚያ ጥያቄ የለም ነው የሚሉት። እርስዎ ብቻ አለ አሉ። ምን ነበር የተሳሳቱት?» አለችኝ። ነገርኳት። ነፋሱ ከቀትር በኋላ ከታች ወደ ላይ እንደሚዞር፣ ያን ቀን አርፍጄ እንደለኮስኩ፣ በፕሩይት አጥር በኩል አንድም ሰው እንዳላቆምኩ። ስትጽፍ ይሰማኝ ነበር። «እንግዲያው ማለዳ ይጀመር፤ አራት ሰው ውሃ ይዞ አጥሩ ሥር ሳይነቃነቅ ይዋል። ዕቅዱ ውስጥ ይግባና እፈርማለሁ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

የተቃጠለው ያለፈው ወር አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ አንድ ሰው ሆንን። ወይዘሮ ኦፓል ታጣፊ ወንበራቸውን መኪናቸው አጠገብ ዘርግተው ልክ ሠርግ እንደመጣ ሰው ተቀመጡ። እናታችን እንደምታደርገው መጀመሪያ ለመሬቱ ተናገርኩና ለኮስኩ። እሳቱ ቀስ አለ፣ ወንድም ጋሼ። ቅጠሉን እየላሰ፣ ሄዘሉ ሥር እየገባ እየወጣ፣ ከጉልበት ሳያልፍ ወረደ። ትላልቆቹን ኦኮች ልጣቸውን እንኳ በቅጡ አላጠቆራቸውም። አንተ ስትመራ የማየው ዓይነት እሳት ነበር።

ዌንደል ፕሩይት፣ ልጁ ማለቴ ነው፣ አሁን እሱም ሽበት በሽበት ሆኗል፣ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ማዶ ቆሞ በስልኩ ይቀርጸን ነበር። «ቅረጽ ቅረጽ፣ በቀኝ በኩል ነው መልኬ የሚያምረው» አሉት ወይዘሮ ኦፓል። «ለዳኛው ነው የምቀርጸው» አላቸው።

እኩለ ቀን ሲያልፍ አንድ የደረቀ ግንድ ተሰንጥቆ ፍሙን በተነው። ነፋስ አነሣውና አጥሩን ዘለለ። የፕሩይት ሣር ተያያዘ። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ያ እሳት መሰለኝ። ግን አራቱ እዚያ ነበሩ። ሽቦውን ሾልከው ገቡና ውሃ በጀርባ፣ አካፋ በእጅ፣ ዙሪያውን ቆረጡት። ፕሩይትም ስልኩን ኪሱ ከትቶ በኮቱ ሲደበድበው አየሁት። ሩብ ሰዓት አልሞላም። አሥራ አንድ የአጥር እንጨትና የጓሮ ያህል ሣር፣ ያ ብቻ ነበር የነደደው።

ወደ እሱ ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም። «አጥርህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ስሜ ይኸው፣ የፈንዱ ስልክ ይኸው። ደውልላቸው፣ መጥተው ያዩልሃል።» ወረቀቱን ገለባበጠና «ጠበቃስ?» አለኝ። አያስፈልግህም አልኩት። ተቆጥቶ ይሁን ተገርሞ እንጃ፣ «አባቴ ለዚህች አንዲት ወረቀት ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሷል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እያየኝ፣ በቀስታ፣ «የዚያን ጊዜውስ?» አለኝ። ያቃጠልኩት አጥርህን ብቻ አይደለም፣ የአባትህን ጎተራም ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን አራግፎ ሄደ።

ከፈንዱ ገማች መጣ፣ ለካ፣ ፎቶ አነሣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፕሩይት የብረት ቋሚ ተክሎ ጨረሰ። ፖሊስ አልመጣም። የማንም እጅ ካቴና አልገባበትም። ወይዘሮ ኦፓል መሬታቸው ላይ ናቸው፤ በየቀኑ ጥቁሩን ተዳፋት እየዞሩ «ቤቴ መታየት ጀመረ» እያሉ ለሰው ሁሉ ይደውላሉ።

ትናንት ደግሞ ፕሩይት ራሱ በራችንን አንኳኳ። ቆቡን አውልቆ ቆመ። የላይኛው ተዳፋቱ ዱር ስለሆነ ኢንሹራንስ ቤቱ ውሉን አላድስም ብሎታል። «ለመጪው መኸር ታቃጥይልኛለሽ ወይ?» አለኝ። ያ ገደል ለአንድ ሰው አይሆንም፣ ሁለት መሪ ይፈልጋል አልኩት። «ሁለተኛው ማን እንደሆነ ገብቶኛል» አለ። «የሚመጣ ከሆነ በእኔ በኩል በሩ ክፍት ነው በይው።» ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ።

እኔ ና አልልህም፤ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ቤት ሁን። ዳርሊን ልትመጣ ነው። ልንዳልሽ ብላት እንቢ አለች፤ «ለእሱ የምለው ነገር አለኝ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ አልለውም» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ይዛህ ስትመለስ መኪናዋ ውስጥ ለቁመትህ የሚበቃ ቦታ እንዲኖር የኋላውን ወንበር ስትነቅል ከመስኮት እያየኋት ነው የምጽፍልህ።

ፈጣሪ ጉልበትህን ይጠግንልህ፤ ዕድሜህን ይቀጥልልኝ፤ መንገዳችሁን የለሰለሰ ያድርግላችሁ።

በአንተ ጥላ ሥር ያደገች
ታናሽ እህትህ